ወፍራም የሞተር ዘይት ሁልጊዜ ይሻላል? ለቤተሰብ መኪናዎ ትክክለኛውን ዘይት እንዴት ይመርጣሉ?

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ፣ በአሥመራም ሆነ በጂቡቲ ወደ መኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ ጎራ ያለ ሰው በመደርደሪያ ላይ የተደረደሩ የሞተር ዘይት ጋሎኖችን ያያል። በመልካቸው ብዙም አይራራቁም። የሚለያቸው በላያቸው በጉልህ የታተመው ቁጥር ነው፦ 5ደብሊው-30፣ 10ደብሊው-40፣ 20ደብሊው-50። አብዛኛው ደንበኛ ግን የሚጠይቀው ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለ ዋጋው ነው። ስለ ቁጥሩ ከጠየቀም የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፤ አገሩ ሞቃት፣ መኪናውም ያገለገለ ስለሆነ ወፍራሙ ይሻላል የሚል።

ይህ ምክር መሠረት የሌለው አይደለም። ለአንድ ዘመን መኪናዎች ትክክል ነበር፤ ዛሬም ለአንዳንዶቹ ትክክል ነው። ነገር ግን ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገቡት አብዛኞቹ አነስተኛ የቤተሰብ መኪናዎች ሞተራቸው የተሠራው ለቀጭን ዘይት ነው። ለእነዚህ መኪናዎች “ወፍራም” ማለት “ጠንካራ” ማለት አይደለም።

ጉዳዩ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በጎርጎሮሳውያኑ 2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን ካስታወቀች ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡት የቤንዚንና የናፍጣ መኪናዎች ለረጅም ዓመታት ማገልገል ይኖርባቸዋል። ኬንያ ደግሞ ከተመረቱ ስምንት ዓመት ያለፋቸው ያገለገሉ መኪናዎች እንዳይገቡ ትከለክላለች፤ ያም ሆኖ አንድ ቤተሰብ የሚገዛው መኪና በሌላ አገር መንገድ ላይ ዓመታትን ያሳለፈ ሊሆን ይችላል። ሞተር ማስወረድ ለአንድ ደመወዝተኛ ቤተሰብ የወራት ገቢ ሊጠይቅ በሚችልበት አካባቢ፣ በጋሎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ መቻል ትልቅ ቁም ነገር ነው።

የዘይት ውፍረት ሲባል ምን ማለት ነው?

የሞተር ዘይት ውፍረት፣ በባለሙያዎች አጠራር ቪስኮሲቲ፣ አንድ ፈሳሽ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ ነው። ውኃ ሲቀዳ ወዲያው ይወርዳል፤ ማር ግን እየተጎተተ ነው የሚወርደው። ያው ማር በደጋ አገር የጠዋት ብርድ ከማንኪያ አልላቀቅ ይላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ እንደ ልብ ይፈሳል። የሞተር ዘይትም እንዲሁ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል።

ዘይት በሞተር ውስጥ ዋና ሥራው ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ ማድረግ ነው። ክራንክሻፍቱ በሚሽከረከርበት ጊዜ በእርሱና ብሮንዚን በሚባለው ማረፊያው መካከል ስስ የዘይት ሽፋን ይፈጠራል፤ ብረቱ በዘይቱ ላይ የሚንሳፈፍ ያህል ነው። ይህ ክፍተት በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍልፋዮች ሲሆን፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ዘይቱ ከመጠን በላይ ከቀጠነ ሽፋኑ ይሰበርና ብረት ከብረት ይገናኛል። ከመጠን በላይ ከወፈረ ደግሞ ወደ ጠባቡ ክፍተት በወቅቱ አይደርስም። መምረጥ ማለት እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ስፍራ ማግኘት ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

በጋሎኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች የአሜሪካው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በምህጻሩ ኤስኤኢ፣ ያወጣው ምደባ ናቸው። ማኅበሩ በ1905 የተመሠረተ ሲሆን፣ የሞተር ዘይትን በውፍረት መመደብ የጀመረው በ1911 ነው። ምደባው እስከ ዛሬ በየጊዜው እየተሻሻለ በመላው ዓለም ይሠራበታል።

በ5ደብሊው-30 ውስጥ ያለው “ደብሊው” የተሰኘው የላቲን ፊደል “ክረምት” የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ነው። እዚህ ላይ ክረምት የሚለው ቃል የእኛን የዝናብ ወቅት ሳይሆን የሰሜኑን ዓለም የበረዶ ወራት ያመለክታል። ከፊደሉ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይገልጻል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ይበልጥ ቀጭን ሆኖ ይቆያል። 5ደብሊው የተባለ ዘይት ሞተር ሲነሳ ያለው ውፍረት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። 10ደብሊው ከዜሮ በታች 25፣ 15ደብሊው ከዜሮ በታች 20፣ 20ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ይፈተናሉ።

ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በሥራ ሙቀት ያለውን ውፍረት ያሳያል። ልኬቱ የሚወሰደው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ሴንቲስቶክ በሚባል መለኪያ ይገለጻል። “20” የሚባል ዘይት ከ6.9 እስከ 9.3፣ “30” ከ9.3 እስከ 12.5፣ “40” ከ12.5 እስከ 16.3፣ “50” ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ ሊኖረው ይገባል። በዚህም መሠረት ከ“30” ወደ “50” መዝለል አነስተኛ ለውጥ አይደለም፤ የሞቀው ዘይት ውፍረት በግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል።

ብዙ ሰዎችን የሚያሳስት አንድ ነጥብ አለ። 5ደብሊው-30 ዘይት ሲቀዘቅዝ እንደ “5” ቀጥኖ፣ ሲሞቅ እንደ “30” የሚወፍር አይደለም። እንደማንኛውም ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። በ40 ዲግሪ ላይ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ሴንቲስቶክ ይሆናል፤ በ100 ዲግሪ ላይ ግን ወደ 11 ገደማ ይወርዳል። ሁለቱ ቁጥሮች ዘይቱ በሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ያገኛቸው ውጤቶች ናቸው። ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት ከባለ አንድ ቁጥሩ የሚለየው ብርድና ሙቀት ሲፈራረቁበት ውፍረቱ እምብዛም የማይለዋወጥ በመሆኑ ነው።

አገሩ ሞቃት ስለሆነ ወፍራም ያስፈልገዋል?

“ወፍራሙ ይሻላል” የሚለው ምክር የመጀመሪያ መከራከሪያ የአየር ጠባይ ነው። የአፋር ቆላ፣ የምጽዋ ወይም የጂቡቲ በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ዘይቱ ይቀጥናል የሚለው ስጋት ምክንያታዊ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሞተሩ የሚሠራበት ሙቀትና የውጭው አየር ሙቀት የተለያዩ ናቸው።

የመኪና ሞተር ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት አለው። ይህ መሣሪያ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የማቀዝቀዣውን ውኃ ወደ ራዲያተር አያሳልፍም፤ ከሞቀ በኋላ ደግሞ እየከፈተ ሙቀቱን ያመጣጥናል። በዚህ ምክንያት የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ ጤናማ በሆነ መኪና ውስጥ ያለ ዘይት፣ በተለመደ ጉዞ በብርዳማው ደብረ ብርሃንም ሆነ በሞቃታማው ሞምባሳ በአብዛኛው ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ይሠራል።

የዘይቱን ሙቀት ከዚህ በላይ የሚያንረው ከአየሩ ይልቅ ሸክሙ ነው። ሰውና ዕቃ ጭኖ ከምጽዋ ወደ አሥመራ የሚወጣ መኪና በ115 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዓባይ ሸለቆ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደው ዳገትም ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያስወጣል። በእንዲህ ያለ መንገድ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቀትር ሙቀትና ከባድ ጭነት ተሸክሞ በሚሠራ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከወትሮው በላይ ይሞቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ የመኪናው መመሪያ እስከፈቀደ ድረስ ሁለተኛውን ቁጥር አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ፣ ለምሳሌ ከ“30” ወደ “40”፣ ተገቢ ሊሆን ይችላል። በከተማ ውስጥ ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራ ለሚሄድ መኪና ግን ይህ ምክንያት አይሠራም።

የደጋው ጠዋት

የአዲስ አበባ፣ የአሥመራና የናይሮቢ ነዋሪዎች ቆላው ላይ የማይታይ ሌላ ጉዳይ አለባቸው። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ሌሊቱን ደጅ ያደረ መኪና ሲነሳ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ሞተሩ ሥር ወርዶ ቀዝቅዟል። ፓምፑ ስቦ ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪያደርሰው ድረስ፣ ክፍሎቹ የሚሠሩት ከትናንት በተረፈው ስስ ቅባት ብቻ ነው።

በተለመዱ የዘይት ባሕርያት ሲሰላ፣ በ8 ዲግሪ ላይ የ20ደብሊው-50 ዘይት ውፍረት ከ5ደብሊው-30 በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሞተሩ መነሳቱ አይቀርም፤ 20ደብሊው የተፈተነው ከዚህ በእጅጉ በሚብስ ብርድ ነውና። ችግሩ ዘይቱ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። በቀዝቃዛና ወፍራም ዘይት ግፊቱ ከፍ ሲል የፓምፑ ማስተንፈሻ ይከፈትና ከዘይቱ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። በተለምዶ ፊልትሮ በሚባለው የዘይት ማጣሪያ ውስጥ ያለው መተላለፊያም ሊከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ የዘይት ግፊት መለኪያው ከፍ ብሎ መታየቱ ዘይቱ በበቂ መጠን እየደረሰ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

በዘመናዊ ሞተሮች ላይ ሌላም ነገር አለ። ዘይቱ ከማለስለስ ባሻገር እንደ ሠራተኛ ያገለግላል። የቫልቮችን የመከፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ሥርዓት፣ የሞተሩን ካቴና የሚወጥረው መሣሪያ፣ በአንዳንድ መኪናዎች ደግሞ ተርቦው ሥራቸው በዘይት ግፊትና ፍሰት ላይ የተመሠረተ ነው። መሐንዲሶቹ ቀዳዳዎቹን የለኩት ለተወሰነ ውፍረት ነው። ከተባለው በላይ የወፈረ ዘይት እነዚህን ክፍሎች ሊያዘገይ፣ የነዳጅ ፍጆታንም ሊጨምር ይችላል።

ልማዱ ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ለአሥርት ዓመታት የገነነችው “ዲኤክስ” ተብላ የምትታወቀው የ1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ የልማዱን ምንጭ ለመረዳት ትጠቅማለች። የዚያ ዘመን ሞተሮች በካርቡሬተር የሚሠሩ፣ የውስጥ ክፍተታቸውም ከዛሬዎቹ ሰፋ ያለ ነበር። ለሞቃት አገሮች በተዘጋጁ የዘመኑ መመሪያዎች 20ደብሊው-50ን ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ሞተሩ እያረጀ፣ የፒስተኑ ፋሻ እየተበላ ሲሄድ ወፍራሙ ዘይት መቃጠሉን ይቀንስ፣ ድምፁንም ያለዝብ ነበር። በእነዚያ መኪናዎች ሙያ የተማሩ መካኒኮች ያስተላለፉት ዕውቀት በጊዜው እውነት ነበር።

የተለወጠው መኪናው ነው። ባለ አንድ ሊትር ሞተሯ ቪትዝ፣ ወይም በናይሮቢ ጎዳናዎች የምትዘወተረው ባለ ሁለት ኃይሏ አኳ፣ በጃፓን ሲመረቱ እንደ 0ደብሊው-20 ላሉ ቀጫጭን ዘይቶች የታሰቡ ናቸው። በተለይ ባለ ሁለት ኃይል መኪና ሞተሩ በጉዞ መሀል ደጋግሞ ስለሚጠፋና ስለሚነሳ ፈጥኖ የሚደርስ ዘይት ይሻል።

ይህ ማለት ግን 0ደብሊው-20 ብቻ ነው መድኃኒቱ ማለት አይደለም። አምራቾች በጣም ቀጭን ዘይት የሚመክሩበት አንዱ ምክንያት ነዳጅ ለመቆጠብ ነው። ለተለያዩ አገሮች በሚያሳትሟቸው መመሪያዎች ለአንድ ሞተር ከአንድ በላይ ደረጃ የሚፈቅዱበት ጊዜ አለ። የደጋው ጠዋት በረዷማ ስላልሆነ፣ መመሪያው 5ደብሊው-30ን ከፈቀደ ያለ ስጋት መጠቀም ይቻላል።

ታዲያ እንዴት ይምረጡ?

የመጀመሪያው እርምጃ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ነው። በብዙዎቹ መጽሐፎች የአየር ሙቀትን ከዘይት ደረጃ ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ይገኛል። ያገለገለ መኪና ሲገዙ መጽሐፉ ላይኖር፣ ቢኖርም በጃፓንኛ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መሙያውን ክዳን ይመልከቱ፤ በአንዳንድ መኪናዎች ደረጃው በላዩ ላይ ተጽፏል። ካልሆነም የሞተሩን ዓይነትና የምርት ዘመኑን ይዘው የአምራቹን ወኪል መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው አጠቃቀምዎን ማጤን ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ሲመርጡ መኪናው የሚያድርበትን ቀዝቃዛውን ጠዋት ያስቡ፤ ሁለተኛውን ሲመርጡ ደግሞ የሚሸከመውን ከባድ ሥራ። የሚመርጡት ግን መመሪያው ከፈቀዳቸው ደረጃዎች መካከል ይሁን።

ሦስተኛው የሞተሩ ጤንነት ነው። ሞተሩ ዘይት የሚቀንስ ከሆነ ከ5ደብሊው-30 ወደ 5ደብሊው-40 ወይም ወደ 10ደብሊው-40 ከፍ ማለት፣ መመሪያው ከፈቀደ፣ ሊረዳ ይችላል። ሰማያዊ ጭስ፣ ከሥር የሚንጠባጠብ ዘይት ወይም የሚበራ የዘይት መብራት ግን ምርመራ የሚሹ ምልክቶች ናቸው። ወፍራም ዘይት ምልክቱን ለጊዜው ሊደብቀው ይችላል፤ የተበላ ፋሻን ግን አይጠግንም። የዘይት መብራት በጉዞ ላይ ከበራ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል።

አራተኛው ጥራቱን ከውፍረቱ መለየት ነው። ሁለት ጋሎኖች እኩል 5ደብሊው-30 ተብለው ጥራታቸው ሊራራቅ ይችላል። የአሜሪካው የነዳጅ ኢንስቲትዩት፣ በምህጻሩ ኤፒአይ፣ የቤንዚን ሞተር ዘይትን “ኤስ” በሚለው ፊደል ጀምሮ ይመድባል፤ ቀጥሎ ያለው ፊደል በላቲኑ ቅደም ተከተል ወደፊት በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ መስፈርት አሟልቷል ማለት ነው። ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የመጡ ናቸው። ኤስኤችና ከእርሱ በፊት የነበሩት ጊዜያቸው አልፏል። “ሲ” በሚለው ፊደል የሚጀምሩት ለናፍጣ ሞተሮች ናቸው። የጭስ ማጣሪያ የተገጠመለት የናፍጣ መኪና ደግሞ አመዱ አነስተኛ የሆነ ልዩ ዘይት ስለሚፈልግ የውፍረት ቁጥሩን ብቻ ማዛመድ አይበቃም።

ምርጫው ትክክል ቢሆንም

ትክክለኛ ቁጥር ያለው ዘይት ሐሰተኛ ከሆነ ወይም ከጊዜው በላይ ከቆየ አይጠቅምም። ክዳኑ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ባዶውን ጋሎን ደግሞ ተመልሶ እንዳይሞላበት ቆርጦ መጣል ብልህነት ነው። አቧራማ መንገድ፣ አጫጭር ጉዞና በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ መሥራት በአምራቾች ዘንድ እንደ ከባድ አጠቃቀም ይቆጠራሉ። በአካባቢያችን ከተሞች ያለው የዕለት ተዕለት ጉዞ በአመዛኙ ይህ ስለሆነ፣ ዘይቱን ለከባድ አጠቃቀም በተመደበው አጭር ርቀት፣ ከነማጣሪያው መቀየር ይመከራል።

መጠኑም ቢሆን ከመለኪያ ዘንጉ ሁለት ምልክቶች መካከል ሊሆን ይገባል። ከላይኛው ምልክት ያለፈ ዘይት በክራንክሻፍቱ እየተመታ አረፋ ሊሠራ ይችላል። በጉዞ ላይ ዘይት ጎድሎ ተመሳሳዩ ካልተገኘ፣ ጎድሎ ከመንዳት ይልቅ በደረጃ የሚቀራረበውን ጨምሮ ጋራዥ መድረስ ይሻላል።

ዛሬ 20ደብሊው-50 ተሞልቶለት የሚሄድ አነስተኛ ዘመናዊ መኪና ያለው ሰው መደናገጥ አይኖርበትም፤ ሞተሩ በአንድ ጠዋት አይበላሽም። ጉዳቱ ከዓመት ዓመት የሚጠራቀም ነው፤ ማስተካከያውም ቀላል ነው። በሚቀጥለው የዘይት ቅየራ መመሪያው የሚፈቅደውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይዞ መሄድ፣ ጋሎኑ በዓይን ፊት እንዲከፈት ማድረግ፣ የተሞላውን ደረጃ፣ ቀኑንና የኪሎ ሜትር ንባቡን መዝግቦ በመኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ዘንጉን እያወጡ መጠኑ መቀነስ አለመቀነሱን ያያሉ፤ ሞተሩ በተቀየረው ዘይት መስማማት አለመስማማቱን ከሚነግሩዎት ምልክቶች አንዱ ይህ ነው።